የሠርጉ ዳስ ሳይፈርስ

ሁሉም ያውቁ ነበር። ሙሽራዋም፣ ከበሮ መቺውም፣ ወጥ የምትጨልፈዋም ሴትዮ። እኔ ብቻ አላወቅኩም።

ወንድሜ ሽንኩርት ሊጭን ከደብረ ብርሃን በአንኮበር አድርጎ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ እንደወረደ ተኩስ ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ስጠይቅ «ደህና ነው፣ ወሬው ደርሶናል» ይሉኛል። እኔ ሞኟ አመንኩ። ለካ ሞቷል። በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር፤ ድግሱ ተደግሷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ማን ያፍርሰው? መርዶው ሠርጉ እስኪያልፍ ይቆይ ብለው ኖሯል። አገራችን በየዘመኑ ልጆቿን ስትበላ ሰዉም መርዶ መደበቅ ተክኖበታል። ፊቱ ላይ ቅንጣት አያሳይም፣ ድፍት ያድርገው!

ሠርግ ላይ እስክስታ የኔ ነው። ብቻዬን መሀል ገብቼ ትከሻዬ እስኪነቀል ወረድኩት። «ይሄ ለወንድሜ መምጫ!» አልኩ ደግሞ፣ አፌን በቆረጠው። እልል አሉልኝ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን በነጠላ ሲጠርጉ ደስታ መስሎኝ ጭራሽ ባሰብኝ። እናቴ «ራሴን አሞኛል» ብላ ሻሿን እስከ ግንባሯ ጠፍራ ጥግ ተቀምጣለች። እሷም ታጨበጭባለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው አረዱኝ። እዚያው ቆላ ከተቀበረ ሰንብቷል።

ለቅሶውም እዚያው የሠርጉ ዳስ ውስጥ ሆነ። ቄጠማው እንኳ አልተጠረገም። «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ትናንት ባጨበጨቡበት እጅ ትከሻዬን ይዳብሱኛል። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ መሀል ገባሁና ያንኑ እስክስታ ያለ ከበሮ፣ ያለ ዘፈን ወረድኩት።

«ኧረ በሥላሴ! አበደች፣ ያዟት!» አለች አንዷ ጎረቤት።

«አጨብጭቡ እንጂ!» አልኳቸው። «ትናንት ስታጨበጭቡ አልነበር? እኔስ ይሁን። ይቺን እናት እንዴት ልጇ አፈር ውስጥ ተኝቶ ታስጨበጭቧታላችሁ? አንድ እንኳ የሚያዝንላት ይጥፋ?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እናቴ ቀስ ብላ ሻሿን ፈታችው። ጸጉሯ ለሐዘን ተላጭቷል። የተላጨው ደግሞ ዛሬ አይደለም፤ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

ትከሻዬ ደርቆ ቀረ።

«ሠርጉ ይለፍ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ለአንድ ቀንም ቢሆን ወንድም ይኑርሽ ብዬ።»

ሻሿን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«በይ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ» አለችና እንደ ትናንቱ ማጨብጨብ ጀመረች።