ዳር የማያሳይ መብራት

በ2007 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ያለ አንድ ጋራዥ ስቀጠር ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ከቆርቆሮ ኩራዝ እየሠራሁ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲገባ ኩራዜን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። የጋራዡ ባለቤት ይርጋ ከበኩር ልጄ ያንሳል። ስምዎን ይጻፉ ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ሞላ የምትለውን ጽፌ እስክጨርስ እሱ አንድ ጎማ ፈትቶ ገጥሟል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የአንድ ባጃጅ የፊት መብራት መቀየር ነበር። ቀየርሁት። መብራቱ በበራ ቁጥር ግን ክላክሱ አብሮ ይጮኻል። ሹፌሩ እስከ መናኸሪያ እየጮኸ ሄደ፤ እየጮኸም ተመለሰ። ይርጋ ሳምንት ሙሉ ሽቦ እንዳልነካ ከለከለኝ። እኔም እሱ ወጣ እስኪል ጠብቄ እነካ ነበር።

እንዲያ እያልሁ ሽቦውን ለመድሁ። ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ግን ማንም አያስተምረኝም። የባጃጅ የፊት መብራት ትልቅና ወጣ ያለ ስለሆነ በትንሹም በትልቁም ይሰበራል። ከጡጫ የማይበልጥ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ መብራት እሠራለሁ አልሁ። ይርጋ ሳቀ። መሳቁ ጠቀመኝ፤ ሰው ሲስቅብኝ እልኽ ይይዘኛል።

አንጸባራቂውን ከተጣለ የአሉሚኒየም ድስት ቆርጬ በመዶሻ አጎደጎድሁት፤ በአመድና በጨርቅ ወለወልሁት። መሐሉ ላይ ኤልኢዲ አምፑል ተከልሁ፤ ከኋላው ሙቀቱን የሚያወጣ የላሜራ ክንፍ አበጀሁለት፤ ፊቱን በመስታወት ዘጋሁ። መጠኑ ተሳካ። ያስቸገረኝ ብርሃኑ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ መብራት ብርሃኑን ሁሉ መሐል ላይ ይከምረዋል፤ ዳሩ ይጨልማል። እኛ አገር ደግሞ ሰውም አህያም የሚሄደው በመንገዱ ዳር ነው።

ብርሃኑ እኩል መሆኑን ለማወቅ የራሴን መፈተኛ አወጣሁ። መስኮት የሌለውን የዕቃ ክፍል ዘግቼ መብራቱን አንድ ጫፍ አስቀመጥሁ። ማዶ ግድግዳው ሥር አምስት ቦታ በኖራ ምልክት አደረግሁ፤ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። ሰው በየምልክቱ ቆሞ መጽሐፍ ያነባል። አምስቱም ላይ ካነበበ መብራቱ አለፈ ማለት ነው።

እኔ ፊደል በፊደል ስለቅም ይመሻል። ስለዚህ የኔታን ለመንሁ። የኔታ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚያስተምሩ መምህር ናቸው፤ መጽሐፋቸው ከብብታቸው አይለይም። አምስቱም ምልክት ላይ እየቆሙ በግዕዝ አንበለበሉት። ጥጉ ላይማ ጭራሽ ባሰባቸው። ከካህን በላይ ምን ምስክር አለ ብዬ አምስት መብራት ሠርቼ አምስት ባጃጅ ላይ ገጠምሁ። ወሩ ሐምሌ ነበር።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አታለል እስከ ወገቧ በጭቃ ተለውሳ ጋራዡ ገባች። አታለል መብራቴን ካስገጠሙት ሹፌሮች አንዷ ናት፤ ሁለት ልጅ የምታሳድገው በባጃጇ ነው። ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ገና ሳይነጋ ጉሙ ውስጥ ገብስ የጫነ አህያ ገጭታለች። አህያውም ባለቤቱም ቦይ ገብተዋል። የሰውየው ጉልበት ተልጧል፤ ገብሱ ጭቃ ሆኗል። አንድ ክንድ ብትጠጋ ኖሮ ሰውየው ላይ ትወጣ ነበር።

“አያ ሞላ፣ መሐሉን ፀሐይ አደረጉት። ዳሩን ለማን ተዉት?” አለችኝ።

ጉሙ ነው እንጂ መብራቱስ ደኅና ነው፣ የኔታ አንብበውበታል ብዬ ተሟገትሁ።

“እንግዲያው የኔታን ባጃጁ ፊት ላይ ልጠፍራቸዋ።”

እልኼ መጣ። የኔታን አስጠራሁ። ከአታለልና ከይርጋ ጋር የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። የኔታ ግራ ጥግ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው አንበለበሉት። ሰማሽ አልኋት። እሷ ግን የስልኳን መብራት አብርታ ወደሳቸው ሄደች። ተከተልኋት። መጽሐፉ እጃቸው ላይ ተዘቅዝቋል።

“የኔታ፣ ምነው? ዘቅዝቀው ይዘውታል እኮ” አልሁ።

“ዳዊትን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ነው የምወጣው። አንብቡ አልኸኝ፣ አነበብሁ። ይታይዎታል ወይ ብለህ መች ጠየቅኸኝ?”

ይርጋ ሳቁ አላስቆም ብሎት ጎማ ላይ ተቀመጠ። አታለል አልሳቀችም።

አንብቤው የማላውቀውን የዕቃ ካርቶን አንሥቼ እኔው ቆምሁ። መሐል ላይ እየለቀምሁም ቢሆን አነበብሁ። ግራ ጥግ ስደርስ እንኳን ፊደሉ ካርቶኑም ጠፋኝ።

አታለል ስትወጣ ይርጋ ለብቻ ወሰደኝ። ለሌሎቹ ሹፌሮች አይናገሩ፣ አንድ በአንድ ሲመጡ ቀስ ብለን እንቀይርላቸዋለን አለኝ። ከተሰማ የጋራዡ ስም ይጠፋል፤ አንቱንም በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሥራ አምኖ የሚሰጥዎ የለም አለ። እሱስ ልክ ነበር።

መብራቱን በኋላ አስተካከልሁት። አንጸባራቂውን ልሙጥ ማድረጉን ትቼ በትንሽ መዶሻ እንደ ማር እንጀራ ጎድጎድ ጎድጎድ አደረግሁት። እያንዳንዷ ጉድጓድ ብርሃኗን ወደየራሷ አቅጣጫ ትወረውራለች። በአራተኛው ሙከራ ጥጉ ላይ ካርቶን አነበብሁ። እስካሁንም የጋራዡ መብራት ፈታኝ እኔ ነኝ፤ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው አላስጠጋም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይኸው ነው፦ መብራት የሚፈትነው ጽሑፉን ቀድሞ የማያውቅ ሰው ነው።

የኔታ መጽሐፉን ዘቅዝቀው በተገኙ ማግስት ጧት ካቻቢቴዬን ይዤ፣ ጉሙ ሳይነሣ ባጃጅ ተራ ሄድሁ። የአታለልን መብራት ፈታሁ። ሌሎቹም ሹፌሮች እያዩ ሦስቱን ፈታሁ። አምስተኛው ሹፌር የኔ ምን ሆነና ብሎ እጄን ያዘኝ።

“ዳር አያሳይም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልቀቀኝ” አልሁት።

ለቀቀኝ። ፈታሁት።