ጆሮ መንካት

በ1956 መስከረም ሐረር ውስጥ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው እንዲህ ነበር፦ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይነካል። የልደት ወረቀት በሌለበት ግሩም ዘዴ ነው!

ከኤረር በር ሰፈር ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣችው ወጣት ሴት የሰለለ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋለች። ይዛት የመጣችው ትንሿ ሸምሲያም ቀኝ እጇ እንዲሁ ነው።

«አልደረሰችም፤ ለከርሞ ትምጣ» አለ መዝጋቢው።

«ይህ እጅ ለከርሞም አይረዝምም፣ ጋሼ። እኔንም ለከርሞ እያሉ ሲመልሱኝ ቀረሁ። በግራዋ ትንካ!»

ሸምሲያ በግራ እጇ ቀኝ ጆሮዋን ይዛ ጎተተችው። መዝጋቢው ሳቀና ስሟን ጻፈ።

«እህትሽ ናት?»

«አይደለችም። አምና ያመጣሁትም ወንድሜ አልነበረም።»

«እሺ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ።»

ወጣቷ ብዕሩን ትታ የግራ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረች።