ቡሹሎ ያልደረሰው መርዶ

ነገሩ የጀመረው አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደርግ ከወደቀ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሐዋሳ እናቴ ቤት መጥቼ፣ ኤርትራ የዘመቱ የቀድሞ ወታደሮችን እያፈላለግሁ መጠይቅ አስሞላለሁ። በእርግጥ አፍሬ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱን ሰጥቼ ነበር የምሸሸው። የቀሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ዘበኛ የሆኑ ሰው።

በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው የደንብ ልብሳቸውን ቁልፍ ይተክላሉ።

«ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት…»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ተናገርሽ? ሐይቁ ሊደርቅ ነው በይኛ!»

ጥያቄውን አነበብኩላቸው፦ ያን ሁሉ ረሃብና ጥም ችላችሁ ለምን ማገልገላችሁን ቀጠላችሁ? ምርጫዎቹ የአገር ፍቅር፣ ደመወዝ፣ ቅጣትን መፍራት ነበሩ። መጨረሻ ላይ «ሌላ ካለ ይግለጹ» ይላል።

«ቅጣቱንማ ፈርተናል» አሉ። «ግን የሚያየን በሌለበት ቀንም አልሸሸንም። አንድ ምሽግ ውስጥ አራት ነበርን። የእያንዳንዳችንን መንደርና የእናት ስም ሁላችንም በቃላችን አጥንተናል። የተረፈ የሞተውን ቤት ፈልጎ መርዶ ይናገራል፤ ተማምለናል። እኔ ብሸሽ የእነሱን ማን ያደርሳል? እነሱ ቢሸሹስ የእኔን?»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ከተማረክሁ በኋላም ያየሁት ያንኑ ነው። የምትጠብቀን ታጋይ ያንቺ ዕድሜ ብትሆን ነው። ታጋዮቹ ከእኛ ብሰው ይራባሉ። ‹እኛስ ተገደን ነው፤ እናንተን ማን አስገደዳችሁ?› አልኳት። ‹ነፃነት› አለች፤ እሱን ጠብቄው ነበር። ቀጥላ ግን ‹አብረውኝ ከወጡት ሰባት ልጆች እኔ ነኝ የቀረሁት። ጥዬ ብሄድ ለእናቶቻቸው ምን ብዬ ነው የምነግረው?› አለችኝ።»

ጻፍሁ። ከዚያ መጠይቁ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ከአፌ አመለጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ አደረሱ?»

«ሁለቱን አድርሻለሁ» አሉ። ሦስተኛው እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ ያለችው የቡሹሎ ልጅ ነበር፤ ሐዋሳ የመጡትም ለእሱ ብለው ነው። «በእጄ ነው የቀበርሁት። ቤቱን ሳገኘው እናቱ ወተት ቀድተው ‹ልጄን ታውቀዋለህ?› አሉኝ። ‹ተማርኮ ይሆናል፣ ይመጣል› አልሁ። ለዚያች ቀን ብዬ ነበር። ይኸው አራት ዓመት። በየበዓሉ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ በሄድሁ ቁጥር ይጠይቁኛል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ላሚቱን ሊሸጡ ነው። ነገ ጠዋት ገዢ ይመጣል። አስመራ ሄጄ እፈልገዋለሁ ብለዋል። ያለቻቸው እሷው ናት።»

«ለእማዬ ልንገራት?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው መርፌው ውስጥ አዲስ ክር አስገቡ። አለመከልከላቸውን እንደ እሺታ ቆጠርሁት።

እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጥታ በራቸው ላይ ቆመች። «አንተ ሰውዬ! መርዶ ብቻህን ልትናገር ነበር የሄድከው? ለዚህ እኮ ነው ያቃተህ! መርዶ በሰው ነው፤ በንጋት ነው!» አለች። እዚያው ቡሹሎ ወዳሉ ሁለት ሽማግሌዎች ሰው ላከች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም ትሄጃለሽ።»

«እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«ትቆሚያለሽ። መቆም እንኳ አያሳፍርሽም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አምስት ሆነን ደረስን። እናትየው ላሚቱን አጥሩ ላይ አስረው፣ ለገዢው ብለው ጭቃዋን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉላት ነበር። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ሲያዩ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ። አንደኛው ሽማግሌ በሲዳምኛ ሊጀምሩ ሲሉ ጋሼ «እኔ ልናገር» አሉ።

«እማማ፣ ልጅዎን እኔ ነኝ የቀበርሁት። ያኔውኑ ጦርነቱ ላይ ሞቷል። ዋሽቼዎታለሁ።»

እናትየው ጠጋ ብለው አዩዋቸው።

«ስንት ጊዜ ወተቴን ጠጣህ?» አሉ። በቡጢ የጋሼን ደረት መቱ፤ ደገሙ። ጋሼ አልሸሹም። ሦስተኛው ላይ የእናትየው እጅ እዚያው ጋሼ ደረት ላይ ቀረ፤ ጩኸቱም ያኔ ወጣ። እናቴ እናትየውን ከወገባቸው ያዘቻቸው። ጎረቤቱ ከየቤቱ መሮጥ ጀመረ።

እኔ እንደተባልሁት ቆሜ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሰው በትር ይዞ አጥሩ ዘንድ መጣና ላሚቱን ከላይ እስከ ታች አያት። ከእኔ በቀር የሚያናግረው አልነበረም።

«አትሸጥም» አልሁት።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ትናንት ተነጋግረን የለም እንዴ?»

«ለቅሶ ነው» አልሁት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ግቢው ገባ። እኔም ገመዱን ፈትቼ ላሚቱን ከቤቱ ጀርባ ሣር ወዳለበት ወሰድኋት።