ልጄ ለካ ተራ እየጠበቀች ነበር

«የሀያት እናት፣ ልጅዎ ትምህርቱ የሚገባት አይመስለኝም» አለችኝ ዛሬ ጠዋት አስተማሪዋ። ክው አልኩ።

ቤት ውስጥ ሒሳብ በቃሏ የምትሠራ ልጅ እኮ ናት!

«እጇን አውጥታ አታውቅም። ስሟን ስጠራት እንኳ ዞራ ትልልቆቹን ልጆች ነው የምታየው። እኔም መጠየቁን ተውኩት።»

«ለምንድነው የማትመልሺው?» አልኳት አጠገቤ የቆመችውን ሀያትን። አንገቷን ደፍታ «ትልልቆቹ ሳይናገሩ?» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። እኛ ቤት ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፤ እንደዚያ ነው ያደግነው፣ ያሳደግናትም። እሷ ደግሞ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ታናሽ ናት።

ለአስተማሪዋ ይህንኑ ነገርኳት። ይባርካት፣ አልተከራከረችኝም። ሀያትን ይዛ ቀጥ ብላ ክፍል ገባችና «ዛሬ ከትንሿ ነው የምንጀምረው» አለቻቸው።

ሀያት በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅኩላት። ከዚያማ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ አንድ በአንድ አንበለበለችው! አስተማሪዋ ጠመኔዋን ይዛ ቀረች።

ማታ ላይ ከትምህርት ቤት እህል በረንዳ ገበያ ያለው ሱቃችን እስክንደርስ ስታወራ፣ እኔ እናቷ ተራ አላገኘሁም። (ወይ ጣጣዬ፣ ራሴ ነኝ አፏን ያስከፈትኳት።)

እናንተስ፣ ቤት ጨዋ ያስባላችሁ ነገር ትምህርት ቤት ሰነፍ አስብሏችሁ ያውቃል? እስቲ አውጉኝ። ታናሾች ቅደሙ።