የተቀደደው ገበር

ሰፈርተኛው ልብስ ሰፊዋን «መርፌዋ» ይላታል። ክር የገባበት መርፌ ከአንገትጌዋ ተለይቶ አያውቅም። ባሏ ቀለም ቀቢው ሲያቅፋት መወጋቱን ከትዳሩ ጋር አብሮ ለምዶታል።

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ፣ በአልትራሳውንድ የምታያት ሐኪም አንዱን ቦታ ደጋግማ አየችው። በጽንሱ ደረት ውስጥ፣ ልቡ አጠገብ፣ ቦታው ያልሆነ ነገር አለ። ደረትንና ሆድን የሚለየው ስስ ጡንቻ ክፍተት ኖሮት አንጀቱ ወደ ላይ አልፎ ይሆናል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያነሳው ማሽን፣ በኤምአርአይ፣ ካልታየ አይለይም አለቻት።

መርፌዋ ነገሩን በራሷ ቋንቋ ገለበጠችው፤ ገበሩ ተቀዷል ማለት ነው።

እናቷ ግን አልተዋጠላቸውም። ጤና ጣቢያው ደጃቸው ነው፣ አዋላጇ ወዳጃቸው ናት፤ እርጉዝ ሴት ማሽን ውስጥ መከተት ምን ይሉታል?

«እማዬ፣ ገልብጬ ሳላይ የጠገንኩት ልብስ አለ?» አለቻቸው።

በቀጠሮዋ ቀን፣ ልብስ መቀየሪያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀለበቷን፣ ጉትቻዋን፣ የፀጉር መያዣዋን ሁሉ አወለቀች። የሰጧት ጋውን ማሰሪያው ተገንጥሎ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። እንዲህ ሆኖ ማን ፊት ይቀረባል? ከቀሚሷ መርፌዋን ነቅላ ሰፋችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወጣች።

የማሽኑ ባለሙያ ብረት እንዳለባት ደጋግማ ጠየቀቻት። ከልቧ የለም አለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ባለሙያዋ ድንገት ያዘቻት።

«አንገትጌሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«መርፌዬ ናት» አለችና፣ ያኔ ነው የገባት።

«እህቴ፣ ማግኔቱ ከአንገትሽ ነጥቆ ያበርራት ነበር። ልትታዪ ነው የመጣሽው ወይስ ልብሳችንን ልትጠግኚ?» ባለሙያዋ መርፌውን ነቅላ አስቀመጠችና ማሰሪያውን ሳብ አድርጋ ፈተነችው። የሌሎቹ ጋውኖች ማሰሪያም እንዲሁ ተገንጥሏል ብላ ሳቀች።

በግራ ጎኗ አስተኟት። ማሽኑ ወፍራም ሸራ እንደሚሰፋ የስፌት መኪና ይንገጫገጫል። ትንፋሽ ያዢ ስትባል ጥልፍ እየቆጠረች ያዘች። ልጁ ግን ይገላበጣል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከደከመሽ ለሌላ ቀን እንቅጠርሽ አለቻት ባለሙያዋ። ሌላ ቀን የሚባለው ሦስት ሳምንት ነው። ክንዷ ደንዝዟል፣ ወገቧ ተቆርጧል።

«እስኪተኛ እጠብቀዋለሁ» አለች።

ተኛም። ምስሉ ጠርቶ መጣ።

በማግስቱ ሐኪሟ ከእናቷ ጋር አስቀምጣ አሳየቻቸው። በግራ በኩል ክፍተት አለ፤ ጨጓራና አንጀት ወደ ደረቱ ወጥተዋል። ጉበቱ ግን ቦታው ነው፣ የቀኝ ሳንባውም በደንብ አድጓል። የደበቀችው የለም፤ ሲወለድ መተንፈስ ሊያቅተው፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙና ሕፃናት የሚያስተነፍሱት ባለሙያዎች ባሉበት፣ እዚሁ ሆስፒታል ይወለድ።

እናቷ ምስሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ታዲያ ጤና ጣቢያ ምን ልትሠሪ ነው? ዕቃሽን ሸክፊ» አሉ።

ሆስፒታሉ አጥር ሥር ያለው የአክስቷ ቤት ከነስፌት መኪናዋ ገባች፤ ምጧ እስኪመጣም እዚያው ሰፋች። ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ። የሚጠብቁት ሰዎች ወዲያው ተቀብለው ቱቦ አስገቡለት። በአምስተኛው ቀን ቀዶ ሐኪሙ ክፍተቱን ዘጋው፤ ሳምንት ቆይቶ ልጁ ያለ ቱቦ መተንፈስ ጀመረ።

ልታየው ስትገባ ማንም ሳያስታውሳት መርፌዋን ነቅላ ለባሏ ሰጠችው። ወደ ልጇ ሆድ ጎንበስ ብላ፣ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ቀዶ ሐኪሙ እንዴት ነው አላት።

«እጅዎ ደህና ነው ዶክተር» አለች ቀስ ብላ። «ጫፉን ግን እኔ ብሆን ትንሽ ጠበቅ አደርገው ነበር።»