ሶረቲ የምትባል ተማሪ

መምህር ቱፋ ሒሳብ ያስተማረባትን ከተማ ስም አልጠራም፤ ብጠራት ነገ አምቦ መናኸሪያ ቆመው የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። በደንዲ በኩል ናት ብል ይበቃል። ጊንጪ ላይ አስፋልቱን ለቆ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ያደርሳታል፤ ብርዷ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ክረምት በገባ ቁጥር መኪና ጭቃ ይውጠዋል። ቱፋ እዚያ ስምንት ዓመት ኖረ፤ መኖር ከተባለ። ሚስቱ አየለች አምቦ ነርስ ናት፤ ልጃቸው ሃዋኒም ከእናቷ ጋር ታድጋለች። እሱ ዓርብ ማታ አቧራ ለብሶ ይደርሳል፤ እሑድ ምሳ እንደበላ ይመለሳል።

ሃዋኒ አፍ በፈታች ሰሞን፣ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ "እማ፣ ሰውየው መቼ ነው የሚሄደው?" ብላ ጠየቀች። አየለች ሳቀች። ቱፋም ሳቀ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ እስከ ጊንጪ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ወደ አምቦ መዛወር። በየዓመቱ ያመለክታል፤ በየዓመቱም "የሒሳብ መምህር ተተኪ የለም" ይባላል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ገፍተው ያባርሩት ነበር። ጎበዝ መሆኑ አሰረው።

ጎበዝ ነበር ስል ደግሞ ሊቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ልጆቹ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው ይመጣሉ። ዘጠነኛ ሲገቡ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ያውም በፕላዝማ። ግድግዳው ላይ ያለው የቴሌቪዥን መምህር ከሳተላይት ላይ እየፈጠነ ያወራል፤ "አሁን ይህን ሥሩ" ይልና ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ማንም ምንም ሳይሠራ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያመሰግናል። ቱፋን የሚያንገበግበው ይህ "በጣም ጥሩ" ነበር። ድምፁን ዝቅ ያደርግና ሥዕሉን ብቻ ትቶ እላዩ ላይ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ልጆች ጣል ጣል አድርጎ አማርኛ ይጨምራል። ክልክል መሆኑን ያውቃል። ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ እየተበላሹ ክፍሉ አጠገብ ባለው ዕቃ ቤት ሲከመሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው። ዕቃ ቤቱንና ክፍሉን የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሶረቲ የመጣችው ያኔ ነው። ከገደሉ ግርጌ ካለው መንደር በእግሯ የምትመጣ፣ ቀጠን ያለች፣ በውጤት ሁሌም ከመጨረሻዎቹ የማትታጣ ልጅ ናት። ሌላው ሳይገባው ዝም ሲል እሷ እጇን አውጥታ "ናፍ ሂንገሌ" ትላለች፤ አልገባኝም ማለቷ ነው። ክፍሉ ይስቃል። እሷ ግድ የላትም። አንድ ቀን ቱፋ ስለ ስሎፕ፣ ስለ መስመር ተዳፋት ሲያስተምር፣ ሽቅብ የሚወጣው ፕላስ፣ ቁልቁል የሚወርደው ማይነስ ነው አለ። ሶረቲ ተነሳች።

"ቲቸር፣ ጠዋት ስመጣ መንገዱ ሽቅብ ነው። ማታ ስመለስ ቁልቁል ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ፕላስ ነው ማይነስ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቱፋ ግን ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ጥያቄው የሁሉም ጥያቄ ነበር፤ የሚደፍረው ጠፍቶ ነው እንጂ። "ስትመለሺ የኋሊት ነው የምትሄጂው" አላት ቀስ ብሎ። "አግድሙም ማይነስ ይሆናል፣ ከፍታውም ማይነስ ይሆናል። ማይነስ ለማይነስ ሲካፈል ፕላስ ነው። መንገድሽ አይለወጥም፤ የተለወጠው የአንቺ ፊት ነው።" ሶረቲ ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እንኳ ሳቃቸውን ትተው መጻፍ ጀመሩ።

ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ ቱፋ ሶረቲን አስቀርቶ ጥያቄዋንና መልሱን በስልኩ ቀዳ። የስልኩ ካሜራ ሰሌዳውንና እጁን ብቻ ያሳያል። ድምፁ የሁለቱ ነው፤ እሱ "ሶረቲ፣ ጠይቂ" ይላል፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ያስረዳል፣ እሷ "አሁንም ናፍ ሂንገሌ" ትላለች፣ እንደገና ያስረዳል። ልጆቹ በሜሞሪ ካርድ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ስልክ በሚያስተላልፈው ዜንደር፣ ሲገኝም በቴሌግራም ተቀባበሉት። ያንኑ ዓመት በሒሳብ የወደቀው ቁጥር ቀነሰ። ሌላ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን እየደወሉ "የሶረቲን ቪዲዮ ላክልን" ይሉት ጀመር። ልጅቷ ስሟ ጊንጪ ድረስ መሰማቱን ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ቤቷ ከብት አለ፣ ውሃ መቅዳት አለ፤ ትምህርት ቤት የሚያስመጣት ነገር ግን አሁን ተገኘ።

በዚሁ መሐል ከላይ ደብዳቤ መጣ። በቴክኖሎጂ ሒሳብ የሚያስተምሩ መምህራን ሊገመገሙ፣ የተሻለው ሊሸለም ነው። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ዱጋሳ ቱፋን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ።

"አንደኛ ከወጣን የአምቦ ዝውውርህን በገዛ እጄ ፈርሜ እሰጥሃለሁ" አለው።

"ከልብዎ ነው፣ ኦቦ ዱጋሳ?"

"አባቴ ይሙት። ግን እንግዶች ፊት እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ቪዲዮህን አሳይ፣ ማስረዳቱ በእንግሊዝኛ ይሁን። ልጆቹን አለማምዳቸው፤ የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያውጣ። አንተ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ጥራ። ደካሞቹን ዕቃ ቤት እናስገባቸዋለን።"

የግራና የቀኝ እጅ ዘዴ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የሚሠራበት ነው። ደካማ መደበቅም እንደዚያው። ቱፋ ራሱ ልጅ ሳለ አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጀርባ ተደብቆ ውሏል።

"ሶረቲስ?" አለ።

"እሷማ ቀድማ ትግባ! እንግዶቹ ፊት ተነስታ ናፍ ሂንገሌ ብትል ምን ይውጥሃል?"

ቱፋ ዝም አለ። ዝምታውም እሺታ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። እያወቁ አለቁ ይባል የለ?

በግምገማው ጠዋት ዕቃ ቤት የሚገቡትን ስም የጠራው ራሱ ቱፋ ነው። ሶረቲ ያን ቀን ዩኒፎርሟን አጥባ፣ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ መጥታለች። እንግዶቹ የሚመጡት ስለዚያ ቪዲዮ መሆኑን ሰምታለችና የሚጠሩኝ እኔን ነው ብላ ነበር። ስሟ ሲጠራ የተሳሳተ መስሏት ወደ ፊት ወጣች።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ድምፁ ላይ ያለሁት ነኝ" አለችው በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ግቢ።"

ገባች። ኦቦ ዱጋሳ ከውጭ ቆለፈ፤ ከሞቱት ፕላዝማዎች ጋር፣ ትንፍሽ እንዳትሉ ብሎ።

ትምህርቱ አማረ። ቀኝ እጆች ተነሱ፣ ግራ እጆችም ተነሱ፣ ቀኞቹ ተጠሩ፣ የተጠኑት የእንግሊዝኛ መልሶች ተንበለበሉ። ከዚያ ቱፋ ቪዲዮውን በድምፅ ማጉያ ከፈተ። የሶረቲ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ገምጋሚዎቹን የመሩት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ የመንገዱን ጥያቄ ሲሰሙ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እስከ መጨረሻው አዳመጡና ፈገግ አሉ።

"እኔ እንዲህ የጠየቀችኝ ተማሪ አጋጥማኝ አታውቅም። ይህች ሶረቲ የትኛዋ ናት? እስኪ ትነሳልኝ፣ ልያት።"

ተማሪዎቹ ሁሉ፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ ኮምፔርሳቶው ዞሩ። ቱፋ በሩን መክፈት ይችል ነበር። "ይቅርታ፣ እዚህ ናት" ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። ግን በሩ ከተከፈተ ሶረቲ ብቻዋን አትወጣም፤ የተቆለፈባቸው ሁሉ አቧራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ዝውውሩም ውርደቱም አብሮ ይወጣል። ሃዋኒ ዓይኑ ላይ መጣች። እናም ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ።

"ሶረቲ የምትባል ተማሪ የለችም። ድርሰት ነው። ጎበዟ ተማሪያችን ናኦሚ ሰነፍ መስላ የተጫወተችው ነው።"

ናኦሚ የክፍሉ አንደኛ ናት። ቀና ብላ ቱፋን አየችው፤ ቱፋም በዓይኑ ለመናት። ተነሳች። ተጨበጨበ። ኦቦ ዱጋሳ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። በዚህ መሐል ከግድግዳው ወዲያ አንድ ከባድ ነገር ወድቆ ጓ አለ።

"አይጥ ነው፤ ዕቃ ቤት ነው" አለ ኦቦ ዱጋሳ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ግድግዳውን አዩት፤ ናኦሚን አዩ፤ ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንስተው ጻፉ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። እኚህ ሴት ያንን ቀን አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ኖሮ ስንቱ በተረፈ! አልጨመሩም። ወደ ምሳ ሄዱ።

ቱፋ በሩን የከፈተው መኪናቸው ከግቢ ከወጣ በኋላ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ከብርሃኑ እየከለሉ ወጡ፤ አንዱም አላየውም። ሶረቲ መጨረሻ ላይ ወጣች። ያ የታጠበ ዩኒፎርም አመድ መስሏል። አላለቀሰችም።

"ቲቸር፣ የለችም ካሉ ድምፄንም ያጥፉልኝ" አለችው።

ቱፋ ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ገምጋሚዎቹ ከመወሰናቸው በፊት ቅጂውን ደግመው ሊጠይቁት ይችላሉ።

"ዝውውሬ ይፈረምና አጠፋዋለሁ" አላት።

እንዲህ ያለ መልስ ከሰው አፍ ይወጣል? ወጣ። ሶረቲ ራሷን ነቅንቃ ሄደች፤ በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣችም። ቱፋ ቤቷ ሄጄ አባቷን አነጋግራለሁ እያለ ሰነበተ። መንገዱን አላጣውም፤ ሁለት ጊዜ ግማሹ ድረስ ወርዶ ተመልሷል። ፊቷን ማየት ፈራ።

አንደኛ ወጡ። ኦቦ ዱጋሳ ቃሉን ጠበቀ። ቱፋ ፍራሹንና መጻሕፍቱን በአይሱዙ ጭኖ አምቦ ገባ፤ አየለች እልል አለች፣ ሃዋኒም ለጓደኞቿ "አባቴ መጣ" ብላ አወራች። ቅጂውን ከስልኩ አጠፋው፤ ቃሉን መጠበቁ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው? ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶ፣ ኢንተርኔትም ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ልጆች ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለባብጡት ያልደረሰበት ከተማ አልነበረም። ሸሽጎ የቆለፈባትን ልጅ በየኪሱ አዳርሷታል።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ቱፋ አምቦ አዲስ ክፍል ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ አልገባኝም ሲል፣ ከኋላ ያሉት በአንድ ድምፅ "ሶረቲ!" ብለው ጮኹ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ እጁን አወረደ፤ ከዚያ በኋላም ማንም እጁን አላወጣም። ሶረቲ ማለት ደደብ ማለት ሆኗል፤ የባጃጅ ሾፌሩ መንገድ የሳተበትን ጓደኛውን "አንተ ሶረቲ" ይለዋል። ቱፋ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ "ዝም በሉ!" አለ። ለምን እንደተቆጣ ግን አልነገራቸውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሃዋኒ የክፍልፋይ ቤት ሥራ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ስንት ዓመት የናፈቀው ሰዓት ይህ ነበር። ዳቦ ቆርሶ ለሦስትና ለአራት ማካፈልን አሳያት፣ በእርሳስ ሣለላት፣ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ እንደሚበልጥ ጠየቃት። ልጅቷ እየፈጠነች "ገባኝ፣ ገባኝ" አለች፤ ከዚያ አንድ አራተኛ ይበልጣል ብላ ጻፈች። ቱፋ እንደገና አስረዳት። አሁንም "ገባኝ" አለች፤ አሁንም ያንኑ ጻፈች።

"የእኔ እናት፣ አልገባሽም እኮ" አላት ፀጉሯን እየዳበሰ። "ካልገባሽ ለምን አትጠይቂኝም?"

ሃዋኒ እጁን ከራሷ ላይ ገፋችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"እኔ ሶረቲ ነኝ እንዴ?" አለችው።

ቱፋ ሶረቲ ማን እንደሆነች ሊነግራት አፉን ከፈተ። ልጅቷ ግን መልሱን አልጠበቀችም፤ ደብተሯን አጥፋ ወደ እናቷ ሄደች።