ግድግዳ ውስጥ የገባው የወሊድ ጡብ

በጥንቷ ባቢሎን ምድር፣ በሲፓር ከተማ፣ በቦዩ ዳር ሠፈር፣ አዋላጇ ናራምታኒ ያልገባችበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። እጇን ሁሉም ያመሰግነዋል፤ አፏን ግን የሚወደው ጥቂት ነው። ሌላው ሰው የአማልክቱን አለቃ ኤንሊልን ሲፈራ እሷ ታኮርፈዋለች። ቤተ መቅደስ ገብታ ስታጎነብስ እንኳ ፊቷ አይፈታም።

ማኩረፏ ያለ ምክንያት አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት ወገብ እያሸች የሰውን አፈጣጠር ታወራለች፤ ደንቡ ነው። አማልክት ቦይ መቆፈር ታከታቸውና በኤንሊል ላይ አመፁ። ከመካከላቸው አንዱ ታረደ፤ እናት አምላኳ ማሚ በደሙ ጭቃ አቦካች፤ መካከሉ ጡብ አኑራ ለሁለት ከፍላ ወንድና ሴት አበጀች፤ ቁፋሮውም ለእኛ ተላለፈ። ስለዚህ በወሊድ ቤት ጡብ ይቀመጣል፤ ዘጠኝ ቀን እስኪሞላ ማንም አያነሣውም። እስከዚህ ድረስ ናራምታኒ ደስ እያላት ትናገራለች።

የሚያንገበግባት ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሰው በዛ፤ ጫጫታው ኤንሊልን እንቅልፍ ነሣውና ጎርፍ ላከ። አንድ ሰው ብቻ ጀልባ ሠርቶ ከነቤተሰቡ ተረፈ። በየመሸታ ቤቱ ያ ጀልባ ሠሪ ይወደሳል። ጎርፉ ሲጎድል አማልክቱ ምን እንደተስማሙ ግን ጮክ ብሎ የሚያነሣ የለም። ሰው ዳግመኛ እንዳይበዛ፣ ነጣቂዋ የምትባለው ጋኔን ሕፃናትን ከእናታቸው ጭን እንድትወስድ ፈቀዱላት። ዘጠኙን ቀን ከእሷ የሚጠብቀው ጡቡ ነው ይባላል። ናራምታኒ ይህን በምጥ ላይ ላለች ሴት ተናግራ አታውቅም። ሴቶቹ ግን ያውቁታል፤ ማን የማያውቅ አለ?

ከሠፈሩ ሴቶች አንዷ ሙሐዲቱም ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሁለት ልጆቿን ነጣቂዋ ወስዳባታለች። ሦስተኛውን፣ ወንድ ልጅ፣ በሰላም ከተገላገለች በአራተኛው ቀን ናራምታኒ ልትጠይቃት ብትመጣ ጡቡ በቦታው የለም። ሙሐዲቱም ፊቷን አዙራ ተኝታለች። ሕፃኑ ከጀርባዋ ከንፈሩ ደርቆ ያቃስታል።

«አጥብተሽዋል?»

«ለምን ብዬ? ጡቡ ትናንት ተወሰደ። ነጣቂዋም መጥታ ትወስደዋለች። ይሄንንም ለምጄው ልቅበረው?»

የናራምታኒ ደም ፈላ። እየተንደረደረች ወደ ግቢው ወጣች። የሙሐዲቱም አማት ሽማግሌው ፑዙሩም እስከ ክርኑ ጭቃ ተለውሶ፣ ከመኝታ ቤቱ ጎን አዲስ ክፍል እየሠራ ነበር። ልጁ፣ የሙሐዲቱም ባል፣ ለንጉሡ ቦይ ሊቆፍር ስለሄደ ሥራው ሁሉ የወደቀው በእሱ ላይ ነው።

«ጋሽ ፑዙሩም፣ የወሊዱ ጡብ የት ገባ?»

«የቱ? ያ አልጋው ሥር የነበረው? አንድ ጎደለኝና ወሰድኩት።»

«ወሰድኩት ይላሉ እንዴ!»

«ታዲያ ጡብ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ?»

«አሁን የት ነው?»

ሽማግሌው ደረቱ ድረስ የደረሰውን፣ ተለስኖ ያለቀውን ግድግዳ አየት አደረገ። «እዚህ ውስጥ ነው» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «የቱ እንደሆነ እንጃ። ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ያፍርሱታ!»

«አብደሻል ሴትዮ? ወገቤ የተቀጨበትን? ሌላ ጡብ ውሰጂና አስቀምጪላት። በምን ታውቃለች?»

«የልጅዎ ልጅ በረሃብ እየሞተ ለግድግዳ ያስባሉ?»

«ጎረቤት ታጥባዋ!»

ጎረቤትየዋ ትናንት አጥብታው ነበር። ዛሬ የጡቡን ነገር ስትሰማ፣ ነጣቂዋ ተከትላኝ ወደ ልጄ ትመጣለች ብላ በሯን ዘጋች። ናራምታኒ ሄዳ ለመነቻት፤ ሰደበቻት፤ በሩ አልተከፈተም። ተመለሰችና፣ የምታደርገው ቢጠፋት፣ ከክምሩ አንድ ጡብ አንሥታ ወደ ሙሐዲቱም ገባች።

«ይኸው፣ ተገኘ።»

«እሱ አይደለም» አለች ሙሐዲቱም ዞር እንኳ ሳትል። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። መካከላችን ያለው እኮ የሸንበቆ ግድግዳ ነው።»

ናራምታኒ ጡቡን ወረወረችው። በሽማግሌው ተናደደች፣ በጎረቤትየዋ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ በራሷ ውሸት አፈረች። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ታያትና ፑዙሩምን ጠራችው። «ይምጡ፣ ያንን የአልጋ ጫፍ ያንሡ!»

«ወዴት?»

«ጡቡ ወደ እሷ ካልመጣ እሷ ወደ ጡቡ ትሄዳለች። ከቤቱ አልወጣ!»

«ጣራ የለውም እኮ! ሥራዬስ?»

«ያንሡ አልኩ!»

ሽማግሌው እያጉረመረመ አነሣ። አልጋውን፣ እናትና ልጁ እንደተኙበት፣ ጣራ ወደሌለው ክፍል አስገብተው ከአዲሱ ግድግዳ ጋር አስጠጉት፤ የዘንባባ ምንጣፍ ለጥላ ዘረጉበት። ፑዙሩም መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። ሙሐዲቱም መዳፏን እርጥቡ ልስን ላይ አሳረፈች። ሕፃኑን ግን አልነካችውም።

«በቃ፣ ጡቡ አጠገብሽ ነው» አለች ናራምታኒ። «አሁን ምን ቀረሽ?»

«ተረቱን ጨርሺው። ሁሌ ጎርፉ ላይ ስትደርሺ ወሬ ትቀይሪያለሽ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ናራምታኒ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። በተቆጣ ድምፅ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ጨረሰችው፤ የአማልክቱን ስብሰባ፣ ስምምነቱን፣ ነጣቂዋን።

ሙሐዲቱም ወደ እሷ ዞረች። «ሲስማሙ ከሰው ወገን ማን ነበር?»

«ጀልባ የሠራው ሰውዬ።»

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«የልጅ እናትስ አልተጠራችም?»

«ማን ይጠራታል!»

«እንግዲያው እኔ አልተስማማሁም» አለች ሙሐዲቱም፤ ሕፃኑንም አንሥታ አፉን ከጡቷ ጋር አገናኘችው። መጀመሪያ አቅም አንሶት ለቀቀ። እሷ መልሳ ሰጠችው፤ አሁንም ለቀቀ፤ አሁንም ሰጠችው። ናራምታኒ ሕፃኑ ሲውጥ እስክትሰማ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠች።